የማክሰኞው አቮካዶ

ደባርቅ ላይ ጁስ ቤት ስከፍት ያልሳቀብኝ ሰው የለም። «ሰው እሳት በሚሞቅበት አገር ቀዝቃዛ ነገር ለማን ልትሸጪ ነው?» ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ አይሆንም ሲሉኝ ይብስብኛል። መናኸሪያው አጠገብ ቤት ተከራየሁ፣ ከጎንደር የጁስ መፍጫና ፍሪጅ አስመጣሁ። በፍስክ ቀን ወተት ጠብ እያደረግሁ፣ በጾም ቀን በሎሚ ብቻ እየመታሁ ከተማውን ቀስ በቀስ አቮካዶ አስለመድኩት። ስሜ ሸዋነሽ ነው፤ አሁን ብዙዎቹ ሸዋነሽ ጁስ ይሉኛል።

አቮካዶውን የሚያመጣልኝ ገዱ ነበር። የአዲ አርቃይ ሰው ነው፣ አይሱዙ ይነዳል። ቆላውን ዞሮ ከየጓሮው ይሰበስብና በየሳምንቱ ማክሰኞ ሊማሊሞን ወጥቶ እኔ ደጅ ያቆማል። ሳጥኖቹን ራሱ ያወርዳል፤ ከዚያ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ አንድ ብርጭቆ ይጠጣል። ስኳር አይወድም፣ ሎሚ ያበዛል። እየጠጣ አያወራም። ጨርሶ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ «አሁን ሰው ሆንኩ» ይላል። ይህችን ቃል ለመስማት ከሰኞ ጀምሮ እንደምጠብቅ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

አንድ ማክሰኞ ብርጭቆውን አስቀምጦ የለመደውን አላለም።

«ሸዋዬ፣ እኔም ብቻዬን፣ አንቺም ብቻሽን። ብንጠቃለልስ?» አለኝ።

እኔ አንድ ጊዜ ተድሬ የፈታሁ ሴት ነኝ። ከዚያ ወዲህ «እሺ» የምትባለው ቃል በቀላሉ ከአፌ አትወጣም፤ ሎሚ ለምታመጣልኝ ሴትዮ እንኳ «እስቲ እናያለን» ነው የምለው። ለገዱም «እስቲ ላስብበት፣ በሚመጣው ማክሰኞ እነግርሃለሁ» አልኩት። ልቤ ግን ያን ሰዓቱኑ እሺ ብሎ ነበር።

በሚመጣው ማክሰኞ አልመጣም። እሱ በሄደ በማግስቱ በጸጥታ ችግር ምክንያት መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልክም ተቋርጦ ነበር። ከሊማሊሞ ማዶ ያለ ሰው ይኑር አይኑር የሚነግረኝ ጠፋ። እጄ ላይ የቀረው መጨረሻ ያወረደልኝ አቮካዶ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሦስት ቀን ሸጬ እጨርሰዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ግማሹን ከሸጥኩ በኋላ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሲመጣ ከዚያው ካመጣው መትቼ እሰጠዋለሁ፣ ያኔ እኔ ምንም ሳልናገር ይገባዋል ብዬ አሰብኩ። ለእኔ ዓይነቷ ኩሩ ሴት የተሻለ መንገድ አልታየኝም።

መጀመሪያ ከነልጣጩ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። በሳምንቱ ባቀልጠው ውስጡ ጠቁሮ ውሃ ቋጥሯል። ስድስቱን እንዲሁ ገደልኳቸው። ሎጅ ውስጥ ለቱሪስት ምግብ የምታበስል ሊድያ የምትባል የእህት ልጅ አለችኝ፤ አይታ አዘነችልኝ።

«አክስቴ፣ እንዲህ አይደለም እኮ ፍሪዝ የሚደረገው» አለች። «በደንብ የበሰለውን ልጠሽ ፍሬውን አውጪ፤ ሎሚ ጨምቀሽ ፍጪው። ከዚያ ላስቲክ ውስጥ አድርገሽ አየሩን አስወጪና ጠፍጠፍ አድርገሽ አስተኚው።»

እንዳለችው አደረግሁ። አራት ላስቲክ ወጣው።

መብራት ሲጠፋ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ብዬ ፍሪጁን ሳልከፍት በሁለት ብርድ ልብስ እጠቀልለዋለሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አያ ያየህ አንድ ቀን ብቅ ብለው «ምነው ሸዋነሽ፣ ፍሪጁን ብርድ ያዘው እንዴ?» አሉኝ። «አዎ፣ እርስዎም የሚለብሰው ነገር ካለዎት ያምጡለት» አልኳቸው። ስቀው ሄዱና አሮጌ ካፖርታቸውን ይዘው ተመለሱ። እንዲያም ሆኖ አንዴ መብራት አራት ቀን ሲጠፋ ሦስቱ ላስቲክ ቀለጠ። የቀለጠ ተመልሶ ሲበርድ አይሆንም ብላኛለች ሊድያ፤ እያለቀስኩ ሸጥኩት። ከሥር የነበረው አንዱ ብቻ ድንጋይ እንደሆነ ተረፈ።

ናፍቆት ምን እንደሆነ በዚያ አሥር ወር ተማርኩ። ባሌን እንኳ እንዲህ አልናፈቅሁትም። ደንበኛ «ሎሚ አብዢልኝ» ሲለኝ ሆዴ ይባባል። ማክሰኞ ማክሰኞ ማንም እንደማይመጣ እያወቅሁ ጸጉሬን እሠራለሁ፣ መኪናው የሚቆምበትን ደጅ እጠርጋለሁ። በየቀኑ ፍሪዘሩን ገርበብ አድርጌ ላስቲኩን በጣቴ ነካ አደርገዋለሁ። ጠንካራ ነው። እዘጋዋለሁ።

መንገዱ በተከፈተ በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ።

«ሸዋዬ፣ አለሁ» አለ።

ባለሁበት ቁጭ አልኩ። ማክሰኞ ከሌሎች መኪኖች ጋር ተሰልፎ ወደ ጎንደር እንደሚያልፍ፣ ደባርቅ ላይ የሚቆሙትም ለግማሽ ሰዓት ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ያን ጥያቄ አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም።

ማክሰኞ ጠዋት የተረፈውን ላስቲክ አውጥቼ አቀለጥኩት። ቀለሙ ደብዘዝ ብሏል፣ ውሃም ለይቷል። እንዲህ ሆኖ ልሰጠው አልወደድኩም። ወተት ጨምሬ ስመታው አማረበት። ቀኑን ሙሉ ደጁን ሳይ ዋልኩ። አመሻሹ ላይ፣ ሊማሊሞ ላይ አንድ ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ስለዘጋው ሁሉም ከዳገቱ ሥር ዛሪማ ከተማ ሊያድሩ ነው የሚል ወሬ መጣ። ጆጉን ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁት፤ አንድ ሌሊት ይቆይልኛል አልኩ።

በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ገዱ ገባ። ከስቷል፣ ጢሙ ውስጥ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። እንጨባበጥ እንሳሳም ግራ ገብቶን ትከሻ ለትከሻ ተነካካን። ከትናንት ማታ ወዲህ እህል እንዳልቀመሰ ነገረኝ። ብርጭቆውን ሞልቼ አቀረብኩለት። ወደ አፉ አስጠጋና መልሶ አስቀመጠው።

«ወተት አለበት?» አለ።

ያኔ ነው ረቡዕ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ስንት ዓመት ጾምና ፍስክ እየለየሁ የሸጥኩ ሴት፣ ለእኔ ቀኑ ማክሰኞ ላይ ቆሞ ነበር።

«ግድ የለም፣ የጾሙን ምቺልኝ። መኪናው ላይ ሁለት ሳጥን አቮካዶ ይዤልሻለሁ፣ ላውርደው» አለና ሊወጣ ዞረ።

«አይሆንም፤ ይሄኛው ነው» አልኩ።

«ይሄኛው ምን አለው?»

ውጪ ክላክስ ተነፋ። አብረውት የተሰለፉት ሾፌሮች ዘግይተዋልና ግማሽ ሰዓቱንም ሊያሳጥሩት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ያስቀመጥኩት ነገር ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ዝም ብሏል። ሊናገርልኝ የነበረው እሱ ነበር። ሌላ መንገድ ስላልቀረኝ አፌን ከፈትኩ።

«መጨረሻ ያመጣህልኝ አቮካዶ ነው» አልኩት። «ስትመጣ ልሰጥህ ነበር ያስቀመጥኩት። ያን ቀን የጠየቅኸኝን እሺ ብያለሁ፣ ገዱ። ያኔም እሺ ነበር፤ አፌ ነው እምቢ ያለኝ።»

ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየ።

«አሥር ወር ሙሉ?»

«አሥር ወር ሙሉ።»

«እኔ ደግሞ በዚያ ማዶ ሆኜ፣ እምቢ ልትለኝ ነበር፣ ደግነቱ መንገዱ ተዘጋ እያልኩ ነበር የምጽናናው» አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ክላክሱ እንደገና ተነፋ። «በሚመጣው ማክሰኞ እመለሳለሁ፤ ሽማግሌ ይዤ ነው የምመጣው። ወንድሞችሽን ንገሪያቸው» ብሎኝ ወጣ።

ረቡዕ ስለሆነ ያን ጁስ የሚጠጣልኝ አልነበረም፣ ለሐሙስም አይቆይም። ወደ ጓሮ ወስጄ ደፋሁት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም፤ አላዘንኩበትምም። ያልጠበቅሁት ከዚያ በኋላ መጣ። በፊት የምናፍቀው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን እሱም ጎንደር ላይ ሆኖ ቀን እንደሚቆጥር አውቃለሁ። አሥር ወር የቻልኩ ሴት ስድስት ቀን ምን ይከብደኛል ብዬ ነበር። ከበደኝ።