ማርኒ አልሞትም አለች

ሚስ ሎምባርድ በየዓመቱ ለአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን ግብዣ የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ለጌጥ የወረቀት ላባ ማስቆረጥ ሰልችቷታል። ዘንድሮ እውነተኛውን ታሪክ ነው የማስተምረው ብላ ወለሉ ላይ በፕላስተር የመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች የመጡባትን ሜይፍላወር የተባለች መርከብ አሰመረችና ልጆቹን ጠቅጥቃ አስገባቻቸው። ሄዘል ብቻ እምቢ አለች። እሷ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከዋምፓኖአግ ወገን ናት፤ ዘመዶቼ ያኔም እዚሁ ነበሩ፣ መርከብ ላይ ምን ልሠራ እወጣለሁ ብላ የግብዣው ምግብ የተደረደረበት ጠረጴዛ ጋ ተቀመጠች።

ከሰፋሪዎቹ ግማሾቹ በመጀመሪያው ክረምት በብርድና በበሽታ አልቀው ነበርና፣ ከዚያ ዕጣ ወጣ። ግማሹ ካርድ ላይ የመጀመሪያውን ክረምት አላለፍክም ይላል። ያ የደረሰው ሞቷልና ምንጣፉ ላይ ይጋደማል፤ የተረፈው ለግብዣው ይቀርባል። የሞተ ሰው ደግሞ የዱባ ኬክ አይበላም። መምህሯ ይህችን አላሰበችባትም።

ማርኒ የደረሳት የሞት ካርድ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ግድ አልነበራትም። ዛሬ ግን ቤተሰብ ለግብዣው ተጠርቷልና አያቷ ኦቲስ ይመጣሉ። እሳቸው በሰኔ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከቤት አይወጡም፤ ከሰው ጋር ማዕድ መቅረብም ትተዋል። ማርኒ ሳምንቱን ሙሉ ጨቅጭቃ፣ አጠገቤ ተቀምጠህ ትበላለህ ብላ ነው በስንት መከራ እሺ ያስባለቻቸው። አሁን መጥተው ተጋድማ ቢያገኟት፣ ያውም ሞታ፣ ከበሩ ዞረው እንደሚሄዱ አልጠረጠረችም፤ አወቀች እንጂ።

"እኔ አልሞትም" አለች።

ሚስ ሎምባርድ ታሪኩ እንዲያ መሆኑን አስረዳቻት። ማርኒ ታሪኩ ራሱ ይሙት አለች። ከሟቾቹ አንዷ ለኛስ ኬክ የለንም ወይ ብላ ስትጠይቅ፣ አጠገቧ የተጋደመው ልጅ፣ ሬሳ አያወራም ብሎ ገሠጻት። የወላጆች ድምፅ ከኮሪደሩ መሰማት ጀመረ። ማርኒ እንባዋን እየዋጠች ተጋደመች።

ይሄኔ ሄዘል ተነስታ ኬክና የበቆሎ ዳቦ በየሳህኑ አደረገችና ቀጥ ብላ ወደ ሟቾቹ ሄደች። መምህሯ ምን እየሠራሽ ነው አለቻት።

"እኛ ቤት መጀመሪያ ለሞቱት ነው የሚቀርበው" አለች ሄዘል። "ከዚያ እኛ እንበላለን።"

በሕይወት ያሉት እርስ በርስ ተያዩ። ባርናቢ የሚባለው ደረቱን ይዞ ሳለና ምንጣፉ ላይ ዘፍ ብሎ ወደቀ። ከዚያማ ክረምቱ ማንን ሊምር! ወላጆች ሲገቡ አሥራ ዘጠኝ ልጅ ሞቶ ኬክ ይበላል፤ ሚስ ሎምባርድ መሃላቸው ቆማለች።

አያት ኦቲስ ኮፍያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቀሩ።

"ማርኒዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?"

"ሞቼ ነው አባባ። መጀመሪያ የሚበሉት የሞቱት ናቸው። እነሄዘል ቤት እንደዚህ ነው።"

ሽማግሌው አንዴ ወደ ኮሪደሩ ዞረው አዩ፤ ማርኒ በጣም ፈራች። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ መጥተው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉና ሄዘልን ጠሯት።

"ልጄ፣ አንድ ሳህን ይተርፍሻል? ለባለቤቴ ነው። ኬኩን ተለቅ አድርጊው፤ እሷ ስስት አትወድም ነበር።"

ሄዘል ከሁሉ የሚበልጠውን ቆርሳ በሳቸውና በማርኒ መሃል አስቀመጠች። ከዚያ አያት ኦቲስ የራሳቸውን ተቀብለው በሉ፤ ጨርሰውም ጨምሩልኝ አሉ።