ከሁሉም በታች የገባው ወረቀት

በ1972 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ባለው የሬድዮ መልእክት ክፍል ስሠራ፣ ግድግዳው ላይ ሳጥኖች ያስቸነከርኩት እኔ ነኝ፤ አንዱ ለአንኮበር፣ አንዱ ለደብረ ሲና፣ አንዱ ለሰላ ድንጋይ። ደንቡንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይነበባል፤ ንባብ ከላይ ይጀምራል፣ አዲስ የገባ ከታች ይገባል፤ የገባበት ሰዓት ከመልእክቱ በፊት ይነገራል፤ ተቀባዩ ጣቢያ «ደረሰኝ» ሳይል ወረቀቱ ከሳጥኑ አይወጣም።

ደንቡ ለምን እንዳስፈለገ ለማንም አልተናገርኩም። ባለቤቴ ከደሴ ወደ ምሥራቅ ሲዘምት «በደብረ ብርሃን አልፋለሁ፣ መንገድ ላይ ጠብቂኝ» ብሎ የላከው መልእክት በዚሁ ክፍል መሳቢያ ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ተኝቶ ነበር። ሳላየው ሞተ።

አንኮበር ላይ ሬድዮውን የምትይዘው ይርጋለም ናት። ባሏ በአሥመራ መስመር የጦር መኪና ይነዳል፤ በየሳምንቱ መልእክት ይልክላታል። ጠዋትና ከሰዓት መስመሩ ሲከፈት ከሥራው በፊት እሱን ትጠይቀኛለች።

«እትዬ፣ የእኔ ሰውዬ ዛሬስ ምን አለ?»

«ደህና ነኝ ይላል።»

«ይኸው ነው? ለመኪናው ቢሆን ሁለት ገጽ ይጽፍ ነበር!»

ስትስቅ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አርቃለሁ።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከደሴ የባሏ መልእክት ገባ። «ረቡዕ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ነዳጅ ማደያው ጋ አንድ ሰዓት እንቆማለን። ነይ።» የገባበትን ሰዓት ጻፍኩና ወረቀቱን በአንኮበር ሳጥን ከሁሉም በታች አደረግኩት።

ያን ቀን ስለ ማዳበሪያ አነበብኩላት። ማክሰኞ ስለ አስተማሪዎች ዝውውር። አዲስ በገባ ቁጥር፣ በደንቡ ከታች መግባት ሲገባው፣ ከላይ እደርብበታለሁ።

«ለእኔስ?»

«የለም።»

«ሌላ አግኝቶ ይሆናላ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን አጭር ነበር፤ ደስ አለኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ ሌላ ወረቀት አልነበረም። ብቻውን ተኝቶ ሳየው ያ መሳቢያ ትዝ አለኝ። የገባበትን ሰዓት መለወጥ እችል ነበር። አልለወጥኩም።

«ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የገባ» ብዬ ጀመርኩ።

አንብቤ ስጨርስ የገባበትን ሰዓት አስደገመችኝ። ከዚያ «ደረሰኝ» አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ የእህል መኪና ከአንኮበር መንገድ ገባ። ይርጋለም ከጭነቱ ላይ ወርዳ ከክፍሌ መስኮት ፊት ለፊት ወዳለው ማደያ ሮጠች። የጦር መኪኖቹ ሞተር አስነስተው ነበር። አንድ ሾፌር ከጋቢናው ዘሎ ሲወርድ አየሁና መስኮቱን ዘጋሁ።

ከዚያ ወዲህ አንኮበር በየቀኑ ይመልስልኛል። ይርጋለም ግን እትዬ አትለኝም። «ደረሰኝ» ብቻ።