የማይደርስ ድንጋይ

እሑድ ረፋድ ላይ፣ ቤተሰቡ በሙሉ በተሰበሰበበት፣ ኡሚ ጫማ መግዛቷን አስታወቀች።

ነገሩ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ የተነገረ አይምሰላችሁ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ተዘጋ። ቀጥሎ ልጇ ናጃህ ከጓዳ ተጠራች። ከዚያ ትልቁ ልጇ ሙባሪክ ስልኩን እንዲያስቀምጥ ታዘዘ። የቡታጅራን ስልክ ግማሹን የሚጠግን ሰው ስልክህን አስቀምጥ ሲባል ቆዳህን አውልቅ የተባለ ያህል ነው፤ ቢሆንም አስቀመጠ። የኡሚ ታናሽ ወንድም ሰይዶ ሚኒባሱን ደጅ አቁሞ መጥቶ፣ አንድ እግሩን ከበሩ ውጭ እንደተወ ቆሞ ያዳምጣል። ኡሚ ጉሮሮዋን ጠራረገችና ከፌስታል ውስጥ ጥንድ የስፖርት ጫማ አወጣች። ነጭ ነው፤ ጎኑ ላይ አረንጓዴ መስመር አለው። ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ከነጠላ ጫማና ከኮንጎ ሌላ እግሯን ያላስነካች ሴት ናት።

«ገዛሁ» አለች።

«መብሩክ!» አለ ሰይዶ። «ለየትኛው ክለብ ፈረምሽ እትዬ?»

«ቅዳሜ መንገድ እንጀምራለን» አለች፣ ቀልዱን እንደ ዝንብ እሽ ብላ። «ሰባት ቀን ነው። ወልቂጤ፣ ጥያ፣ ዘቢዳር ተራራ፣ መጨረሻ ላይ ባሕሩ። ራምዚ አሳይሻለሁ ያለኝን አገር ሁሉ። እሱ እስኪደርስ መንገዱን ልወቀው።»

ሰይዶ ውጭ የነበረውን እግሩን ቀስ ብሎ አስገባ።

ራምዚ የቤቱ መጨረሻ ልጅ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከሰፈሩ ልጅ ከአብዱልሃፊዝ ጋር ሆኖ፣ በበረሃው በኩል ወደ ዐረብ አገር ወጣ። ሲወጣ «ተመልሼ ስመጣ አንድ ሳምንት ሙሉ ይዤሽ ነው የምዞረው፤ ተራራውንም ባሕሩንም» ብሏት ነበር። ባሕር ያለው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ሐረ ሸይጣንን ነው፤ የሸይጣን ሐይቅ የሚሉትን። ከዚያ የሚበልጥ ውሃ አይቶ አያውቅም።

በኋላ አየ።

ይህን የሚያውቀው ሙባሪክ ነው። አብዱልሃፊዝ ከባሕሩ ማዶ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ደውሎ ነገረው። የዳርቻው መብራት እየታያቸው ነበር ጀልባዋ የተገለበጠችው። «ዋና አይችልም እኮ» አለ አብዱልሃፊዝ ደጋግሞ፣ ለራምዚ ለገዛ ወንድሙ እንግዳ ነገር የሚያስረዳ ይመስል። ሙባሪክ ሱቁን ዘግቶ ቤት ሲገባ ኡሚ ከደጃፉ ላይ «ደረሰ?» አለችው።

«ገና አልደረሰም» አላት።

ያቺ ቃል ለዚያ ምሽት ብቻ ብላ የወጣች ነበረች። ሦስት ዓመት አገለገለች።

ከዚያ ወዲህ ሙባሪክ በየጁምዓው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ የራምዚን መልእክት ከስልኩ ላይ ያነብላታል። ኡሚ ፊደል አልቆጠረችም። ድምፁንስ ስትል፣ ኔትወርክ የለም ይባላል። ሙባሪክ ካርታ ከፍቶ፣ አንዱ በረሃ ሲያልቅበት ወንድሙን ወደ ሌላው ያሻግረዋል። ጎረቤት «ራምዚ ደረሰ?» ይላል። ቤቱ «ገና ነው፣ ኢንሻአላህ» ይላል። በእግሩ ቢሄድ እንኳ እስካሁን ዓለምን ዞሮ በቡታጅራ መናኸሪያ በኩል ብቅ ባለ ነበር፤ ግን ይህን ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም።

ቅዳሜ ጠዋት ሙባሪክ ሚኒባሱ ውስጥ ሲገባ በልቡ ማለ። ከእነዚህ ሰባት ቀኖች በአንዱ ይነግራታል። ከሰባተኛው ቀን በኋላ ግን ወንድሙን የሚልክበት በረሃ የለውም።

ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ላይ ኡሚ የራምዚን ጥቁር ጃኬት ዘርግታ አስቀምጣለች። ናጃህ ከኋላ በጄሪካንና በብርድ ልብስ መካከል ተጣብቃ ነው።

«ኡሚ፣ ወደዚያ ልምጣ? ጉልበቴ አገጬን እየመታኝ ነው።»

«ሰው አለበት» አለች ኡሚ።

ሰይዶ በመስታወቱ ወንበሩን አየት አድርጎ ቶሎ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ወልቂጤ እስኪደርሱ በዚያ መስታወት ዳግመኛ አላየም፤ ሁለት ባጃጅ ሊገጭ ሲል እንኳ።

ወልቂጤ ያደሩበት ፔንሲዮን ውስጥ መዝገብ የምትይዘው ልጅ ብዕሯን አነሳች። «ስንት ናችሁ?»

«አምስት» አለች ኡሚ።

ልጅቷ በዓይኗ ቆጠረች። «አራት ነው የማየው እማማ።»

«አምስተኛው ገና አልደረሰም። አልጋውን ግን ያዢለት። ስምሽ ማን ነው የኔ ልጅ?»

«ሚስጥር።»

«እኛም ቤት አለች» አለች ኡሚና ቁልፉን ተቀበለች።

ሰይዶ ሳቀ። ሳቁ ከቀልዱ በጣም ረዘመ፤ ሲጨርስ የሚገባበት ስላጣ ሊሳል ሞከረ።

በሁለተኛው ጠዋት አልጋ የምታነጥፈው ሴት ቅር ብሏት መጣች። ማንም ያልተኛበት የአምስተኛው አልጋ አንሶላ ርሷል። ነካ ነካ ብቻ አይደለም፤ ቢጨመቅ ባልዲ ይሞላል። ሁሉም በሩ ላይ ተሰብስበው አዩት።

«ቱቦ ነው» አለ ሰይዶ።

«በዚያ ግድግዳ ቱቦ የለም» አለች ሚስጥር።

«ከሌላ ግድግዳ የመጣ ቱቦ ነው» አለ ሰይዶ፣ ናጃህም «ቱቦ ነው» አለች፣ ሙባሪክም አንገቱን ነቀነቀ። ኡሚ ብቻ እጇን በአንሶላው ላይ አኑራ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ጣቶቿን ወደ አፏ አስጠግታ ቀመሰች። ምን ምን እንደሚል አልተናገረችም፤ የጠየቃትም የለም።

ጥያ ላይ የትክል ድንጋዮቹ ጠባቂ ደበሌ የሚባል ሰው ተቀበላቸው። ሃያ ዓመት አንዱን ንግግር ስለደጋገመው ነፋሱ ራሱ በቃሉ ሳይዘው አልቀረም። ጎራዴ የተቀረጸባቸውን አሳየ፤ ከሥራቸው ሙታን እንዴት ተጣጥፈው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው እንደተቀበሩ አስረዳ። «እዚህ የቆመው ድንጋይ ሁሉ ከሥሩ ሰው አለው» ብሎ ደመደመ።

«ከሥሩ ሰው የሌለውስ?» አለች ኡሚ።

«እሱማ እንዲያው ድንጋይ ነው እናቴ።»

«ሰው ኖሮ ድንጋይ ያላገኘውስ?»

ደበሌ ባርኔጣውን አወለቀ። «ይህንን ፈረንጅም ጠይቆኝ አያውቅም» አለ።

ጊዜው አሁን ነው፣ አለ ሙባሪክ በልቡ። «ኡሚ» አለ። «አንድ ነገር…»

«ኡሚ ውሃ ጠጪ!» ናጃህ መሀላቸው ገብታ ጠርሙሱን እናቷ አፍ ላይ ደቀነችው። ውሃው በኡሚ አገጭ ላይ ፈሰሰ። ሙባሪክ እህቱን አያት። እሷ ግን አንዱን ድንጋይ ትኩር ብላ ማየት ጀመረች፤ ድንጋይ ከዚያ በፊት አይታ እንደማታውቅ።

ዘቢዳር ላይ ሁለት ቀን ቆዩ። በሁለተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ሽቅብ እየወጡ ሳለ ጉም ወረደባቸው። ከፊት የሚሄደው የኡሚ ነጭ ጫማ ብቻውን፣ ባለቤት እንደሌለው፣ ዳገቱን ሲወጣ ይታያል። በዚህ መሀል ከላይ ድምፅ መጣ።

«ራምዚ! ኧረ ራምዚ! ቶሎ በል እንጂ!»

አራቱም ባሉበት ቆሙ። በዚያ አገር ራምዚ የሚባል ጎረምሳ ቢቆጠር አንድ ሰልፍ ይሞላል፤ አንዱ ባልንጀራውን መጥራቱ ብርቅ አይደለም። የእግር ኮቴ በጎናቸው አለፈ፤ የማን እንደሆነ አልታየም። ከዚያ ጭር አለ።

«ምን ነበር እሱ?» አለ ሙባሪክ በመጨረሻ።

«ጉም ሲበዛ ይጮሃል» አለ ሰይዶ።

«ምኑ?»

«ጉሙ ነዋ።»

ኡሚ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አጠበቀች። «ቢሰማ ኖሮ ይመልስ ነበር» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ከተራራው ሲወርዱ ሙባሪክ ሰይዶን ሚኒባሱ ጎማ ሥር ብቻውን አገኘው። «አጎቴ፣ አንድ የምነግርህ ነገር አለ።»

«አትንገረኝ።»

«ምን እንደሆነ ሳታውቅ?»

«ሳላውቅ አትንገረኝ» አለ ሰይዶ፣ ምንም ያልሆነውን ጎማ በእግሩ እየመታ። «በዚች እህቴ ፊት ሦስት ዓመት ሙሉ ስቀልድ የኖርኩት ስለማላውቅ ነው። ገባህ? ስለማላውቅ።»

ሙባሪክ ገባው። ገብቶትም፣ ካልገባው ጊዜ ይልቅ ብርድ ተሰማው።

ሰባተኛው ቀን ጁምዓ ነበር። ጠዋት ሐረ ሸይጣን አፋፍ ላይ ቆሙ። ውሃው ከታች፣ በገደል ተከቦ፣ አረንጓዴ ሆኖ ዝም ብሏል። ቅርብ ይመስላል፤ የቦታው ወግ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከአፋፉ የተወረወረ ድንጋይ ውሃው ጋ አይደርስም ይባላል። ከታች ያለው እሱ፣ ሸይጣኑ፣ ይቀልበዋል። የመጣ ሁሉ ይወረውራል፤ ድንጋዩ ቁጥቋጦው ውስጥ ይጠፋል፤ የመጣ ሁሉ «አልደረሰም» ብሎ ተገርሞ ይመለሳል።

ሰይዶ ወረወረ። «አልደረሰም!» አለ፣ እንደ ደስታ በሚመስል ድምፅ።

ናጃህ ወረወረች። «አልደረሰም።»

ሙባሪክ ክንዱ እስኪገነጠል ወረወረ። ድንጋዩ በአየር ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ አልነበረም። ድምፅም አልመጣም። «አልደረሰም» አለ፣ ቃሉም ከአፉ ሲወጣ ለሦስት ዓመት የተጓዘበትን መንገድ ያውቀው ነበር።

ኡሚ ድንጋይ መረጠች። የዶሮ እንቁላል ያክላል። አልወረወረችም።

«ወርዶ የሞከረ የለም?» አለች።

«ወርዶማ ምን ትርጉም አለው እትዬ?» አለ ሰይዶ። «ወጉ ከላይ ነው። ከታች ሆኖ ማን አይደርስለትም?»

«እንግዲያው ሁሉም ከላይ የሚወረውረው እንዳይደርስ ብሎ ነው» አለች ኡሚ።

ክሯን አጠበቀችና ወደ ቁልቁለቱ ገባች። ከብት ውሃ የሚወርድበት ቀጭን መንገድ አለ። «ኡሚ ትወድቂያለሽ!» አለች ናጃህ። «እትዬ፣ ወላሂ ስድብ ነው ለቦታው!» አለ ሰይዶ። ነጩ ጫማ አልቆመም። ለምን እንደተገዛ ሙባሪክ የገባው ያኔ ነው። ለዘቢዳር አልነበረም፤ ለወልቂጤም አልነበረም።

ግማሽ ሰዓት ወረዱ። ከታች ነፋስ የለም፤ የወፍ ድምፅም የለም። ኡሚ የጫማዋ አፍንጫ ውሃውን እስኪነካ ተጠግታ ቆመች። ድንጋዩን በመዳፏ ይዛለች።

ሙባሪክ ፈራ። የፈራው ግን ለምን እንደሆነ ሳያውቅ እጁ ወደ ኪሱ ሄደ፤ እንደ ልማዱ ስልኩን አወጣ። «ኡሚ ቆይ፣ ጁምዓ ነው እኮ። ከራምዚ መልእክት ገብቷል። አሰላሙ ዓለይኩም ኡሚ፣ እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ገና…»

«እዚህም ይገባል?» አለች፣ ዞር ሳትል።

ሙባሪክ ስልኩን አየ። ገደሉ ዙሪያውን ዘግቶታል። በስክሪኑ ጫፍ፣ ኔትወርኩ በሚታይበት ቦታ፣ ምንም አልነበረም። ናጃህ እግሯን ታያለች። ሰይዶ ሰማዩን ያያል።

ኡሚ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ ጣቶቿን ከፈተች።

ቡልቅ አለ።

ትንሽ ድምፅ ነበር፤ ጠዋት ባልዲ ውስጥ ጣሳ እንደሚነከር ያህል። ክቡ ተነሳ፣ ሰፋ፣ ሌላ ክብ ተከተለው፣ የጫማዋን ጫፍ ነክቶ ተመለሰ።

«ደረሰ» አለች ኡሚ።

«ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ ሰይዶ።

አፉን በእጁ ያዘ፤ ግን አምልጦታል። ለሞተ ሰው እንጂ ለድንጋይ የሚባል ነገር አይደለም። ናጃህ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችና ካለችበት ቁጭ አለች። ሙባሪክ በእጁ ያለው ስልክ መብራቱ እስኪጠፋ ቆመ። ኡሚ አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ወንድሟን፣ ልጇን፣ ልጇን፤ ለማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን ከሦስቱ አንድም አልነበረም።