የአጥሩ ሽንቁር

ጋሽ ለገሰ በአጥሩ ላይ ያለችውን ሽንቁር ስድስት ጊዜ በሽቦ ጠፍሯታል። ከጓሮው ጥግ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ያለች፣ አንድ እጅ ብቻ የምታሳልፍ ሽንቁር ናት። ጠፍሯት ዓመት አትቆይም፣ ተከፍታ ያገኛታል። ጥፋተኞቹ የታወቁ ነበሩ፤ የጎረቤቱ የአሰፋሽ ዶሮዎች። አንድ ቀን ፒንሳውን ይዞ "እነዚህ ዶሮዎች ሽቦ መፍታት የት ተማሩ?" ብሎ ሲጮህ፣ ባለቤቱ ታንጉት ጎመን እየቀነጠሰች "ሶዶ ላይ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ያልተማረ ማን አለ?" አለችው። ያን ጊዜ አልሳቀም። አሁን ብቻውን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ትዝ ሲለው ይስቃል፤ ስቆ ሳይጨርስም እንባው ይመጣል።

ታንጉት በጥር አረፈች። ከዚያ ወዲህ ሽንቁሯ ተከፍታ አታውቅም። ዶሮዎቹ ጨዋ ሆነዋል ማለት ነው አለና ጋሽ ለገሰ ከዚያ በላይ አልተመራመረበትም።

በሐምሌ መጨረሻ ሐዋሳ የምትሠራው ልጁ ሩታ ደወለች።

"አባዬ፣ ለመስቀል እመጣለሁ። ቅቤውን እኔው ነኝ የማነጥረው። የእማዬ ኮሰረት አለ አይደል?"

"አለ እንጂ።"

"ውሃ ታጠጣዋለህ?"

"በቀን ሁለቴ።"

ሁለተኛው መልስ እውነት ነበር። ኮሰረቱን የገደለውም ያው ውሃ ነው።

ያ ኮሰረት ታንጉት ሙሽራ ሆና ስትመጣ ከእናቷ ጓሮ፣ ከበዴሳ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ያመጣችው ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ጓሮው ጥግ ላይ ኖረ። ከቀብሯ በኋላ ጋሽ ለገሰ አጠገቡ እንዲሆንለት ነቅሎ በትልቅ የቀለም ባልዲ ተከለውና በረንዳው ላይ አኖረው። ሲሚንቶው እንዳይቆሽሽ ብሎ ባልዲውን አልበሳውም። ጠዋት አጠጣው፣ ማታ አጠጣው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ጠምቶት ነው ብሎ ጨመረለት። በግንቦት ግንዱን ሲነካው በስብሶ እጁ ላይ ቀረ።

የሚያናድደው ደግሞ ይኼ ሰው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የግብርና መሥሪያ ቤት ታይፒስት መሆኑ ነው። "የጓሮ አትክልት በቀላል ወጪ" የሚለውን መመሪያ በታይፕራይተር ሁለት ጊዜ፣ በኮምፒውተር ሦስት ጊዜ ጽፎታል። ሩታ ከደወለች በኋላ ከመሳቢያው አውጥቶ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበው። "ጀሪካንም ሆነ ባልዲ፣ ከመተከሉ በፊት ሥሩ አራት ቦታ ይበሳ።" አንድ ፊደል እንኳ አልተሳሳተም።

ታንጉት መመሪያውን አይታው አታውቅም። ሰው የጣለውን ጀሪካን ለሁለት ትቀድዳለች፣ የተቀደደ ሳፋ ትለቅማለች፣ ሥሩን በጋለ ሚስማር ትበሳለች። ምስር ያጠበችበት ውሃ ለቃሪያው ነው። የበሶብላ ዘር ደቃቅ ስለሆነ አንድ ቦታ እንዳይከመር ከአመድ ጋር ደባልቃ ትበትነዋለች። ጎመኑን ከታች ከታች ትቀነጥሰዋለች እንጂ እምብርቱን አትነካም፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ያቆጠቁጥላታል። ውሃ ከማጠጣቷ በፊት ጣቷን አፈር ውስጥ ትከታለች። እሱ ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ሲመለስ "ይኼ ጓሮ ነው ወይስ የቆሻሻ መጣያ?" ይላታል። ይላታል፣ ከዚያም ገብቶ ያንኑ ጎመን ጣቱን እየላሰ ይበላል።

በማግስቱ ገበያ ወጣ። ያለው ሁሉ ደረቅ ኮሰረት ነው፤ የደረቀ ደግሞ አይተከልም። ሻጯን እርጥቡን ከየት እንደምታመጣ ጠየቃት።

"ከእርስዎ ሰፈር ነው እኮ" አለችው፤ "ከአሰፋሽ።"

ጋሽ ለገሰ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከሰባት ዓመት በፊት አሰፋሽ አንዲት የኮሰረት ዘንግ ፈልጋ በራቸውን አንኳኩታ ነበር። ታንጉት መቁረጫ ልታመጣ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ እሱ በረንዳ ላይ ሆኖ "ይኼ ቤት የችግኝ ጣቢያ አይደለም!" አለና መለሳት። ታንጉት ሁለት ቀን አላናገረችውም። ከዚያ ወዲህ ከአሰፋሽ ጋር ሰላምታቸው አንገት ማወዛወዝ ብቻ ሆነ። በታንጉት ሐዘን ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ስትቀዳ ዋለች፤ እሱ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ከሰዓት በኋላ አሰፋሽ በር ላይ ቆመ። ዝናቡ ከዳሞታ ተራራ ወርዶ እያካፋ ነው።

"ሳሮ፣ ጋሽ ለገሰ!" ስትል አሰፋሽ በወላይትኛ ሰላም አለችው። "ይግቡ እንጂ፣ ዝናቡ መታዎት!"

መንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ቁጥርና ቀን ቢጻፍበት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይሆን ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ገደልኩት።"

"ማንን?" አሰፋሽ ደነገጠች።

"የታንጉትን ኮሰረት። ውሃ አጠጥቼ ገደልኩት።"

አሰፋሽ ወደ ጓሮ መራችው። ለሁለት የተቀደዱ ጀሪካኖች፣ የተቀደደ ሳፋ፣ አመድ የተነሰነሰበት የበሶብላ መደብ። የታንጉት ጓሮ እንዳለ እዚህ ነው። ኮሰረቱ ደረቱ ድረስ ይደርሳል። አንዱን ቅጠል በጣቶቹ አሸት አድርጎ አሸተተው፤ ታንጉት ቅቤ ያነጠረች ቀን የቀሚሷ ጠረን ይኼው ነበር።

"ይኼን ማን ሰጠሽ?"

አሰፋሽ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። "እርስዎ ከበር የመለሱኝ ቀን ነዋ። ገና ቤቴ ሳልገባ ከጓሮ 'አሰፋሽ' የሚል ሰማሁ። በዚህች በኩል" አለችና ወደ አጥሩ ጠቆመች፤ "እጅ ብቻ ገባ፣ ሦስት ዘንግ የያዘ። ከዚያ ወዲህ እኔ የሚጥሚጣ ችግኝ ሳቀብል፣ እትዬ ታንጉት ዘር ሲያቀብሉ ኖርን። እርስዎ ሲዘጉት እሳቸው ሽቦውን በቢላዋ ይፈታሉ። ሲፈቱ ምን ይላሉ መሰለዎት? 'ዶሮዎችሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ።'"

ጋሽ ለገሰ ሽንቁሯን ከወዲህ በኩል አይቷት አያውቅም። የራሱ ሽቦ ዝጎ ተቀምጧል። ዶሮዎቹ ከሥሩ ይጭራሉ፣ ቀና ብለውም አያዩትም። ሰባት ዓመት ሙሉ ከራሱ ሚስት ጋር ሲታገል ኖሯል፤ ደግነቱ እሷ አሸንፋለች።

አሰፋሽ ሦስት ዘንግ ቆረጠችለት። "ከአንጓው ሥር ነው የሚቆረጠው። የታችኛው ቅጠል ይራገፋል፣ ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ ይገባል። አፈሩ ሁለት እጅ፣ የበሰበሰ ፍግ አንድ እጅ፣ አሸዋ አንድ እጅ። ጥላ ሥር ያስቀምጡት። ጣትዎን ይክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ ይተዉት። ጀሪካኑ ደግሞ..."

"ይበሳል" አለ ጋሽ ለገሰ። "አምስት ጊዜ ጽፌዋለሁ።" ከዚያ ዘንጎቹን እያየ "ሩታ ለመስቀል ቅቤ ልታነጥር ትመጣለች፤ ይደርሳል?" አላት።

"ለመስቀል እንኳን አይደርስም። ለሩታ ቅቤ የሚሆነውን ከዚሁ እንቆርጣለን፤ የእናቷ አይደል?"

ቤቱ ገብቶ አንድ አሮጌ ጀሪካን ለሁለት ቀደደ፣ ሚስማር አግሎ በሳው። ዘንጎቹን ተከለ፣ አጠጣ፣ ጣቱን ከቶ አየ። ለሩታም ደውሎ የሆነውን ሁሉ ነገራት። ከዚያ ፒንሳውን አንሥቶ ከእንሰቱ ጀርባ ሄደ። የዛገው ሽቦ እጁን እየቧጨረው አንድ በአንድ ፈታው። ተንበረከከ፣ አፉን ወደ ሽንቁሯ አስጠጋ።

"አሰፋሽ!"

"አቤት፣ ጋሽ ለገሰ!"

የፈታውን ሽቦ ወዲያ ወረወረ።

"ዶሮዎችሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ።"