የዳግማዊ የክርስትና ስም

ሮሃ በየማለዳው ከግቢው ግንብ ሥር ቆማ የምታነበንበው ጸሎት አልነበረም።

ካምፓላ፣ ናካዋ ሠፈር ውስጥ ከአንድ ጎማ አስመጪ ቢሮ በስልክ አንሺነት ከተቀጠረች ገና ወር አልሞላትም። እንግሊዝኛውን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተምራዋለች፤ ስታነብም ስትጽፍም የሚያህላት የለም። ስልኩ ሲጮኽ ግን ምላሷ ይተሳሰርና ደዋዩ «ሄሎ፣ ሄሎ» ብሎ ብሎ ይዘጋባታል። ስለዚህ የግቢው ሰው ሳይነሳ ወጥታ፣ «እንደምን አደሩ፣ ከማን ጋር ላገናኝዎ» የሚለውን በእንግሊዝኛ እየደጋገመች ትለማመዳለች። ክፍሏ ውስጥ እንዳትለማመድ ቡኮቶ ሠፈር ያለው የኪራይ ቤቷ ግድግዳ የጎረቤት ማስነጠስ ሳይቀር ያሳልፋል። ነጠላውን የምትከናነበው ለብርዱና ለትንኙ ነው። ፊቷን ወደ ግንቡ የምታዞረውም አፏን ሰው እንዳያይባት ብላ ነው፤ ግንቡ በምሥራቅ በኩል መሆኑን ልብ ብላው አታውቅም።

አንድ ቀን ማለዳ ልምምዷን አብቅታ ዞር ስትል እትዬ አሰፋሽ ራቅ ብለው ቆመው ስትጨርስ ይጠብቃሉ። እትዬ አሰፋሽ ሁለት በር አልፎ ያለው ክፍል ተከራይ ናቸው። ሙየንጋ ኮረብታ ላይ ፈረንጆች ቤት ምግብ ያበስላሉ፤ ታክሲ ሳይጨናነቅ ለመድረስ በጠዋት ይወጣሉ። ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

«ይቅርታ ልጄ፣ ጨርሰሻል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ቧንቧው ከግንቡ አጠገብ ነው። ሮሃ ውኃ ሊቀዱ ፈልገው መሰላት። «አዎ፣ ጨርሻለሁ፤ ይጠጉ» ብላ ገለል አለችላቸው።

እትዬ አሰፋሽ ተጠጉ፤ ግን ጄሪካን አልያዙም። ሁለት እጇን አፈፍ አድርገው ያዟት። «እንግዲያውስ የኔንም ልጅ ጨምሪልኝ» አሉ። ከዚያ ያለ ማቋረጥ ነገሯት። አንድ ልጃቸው ዳግማዊ አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ ነው የሚኖረው። በጥቅምቱ ግርግር ከሠፈሩ ልጆች ጋር ታፍሶ በጭነት መኪና ከሄደ ወዲህ የት እንዳደረሱት የሚያውቅ የለም። አክስቱ ያልጠየቀችበት ደጅ አልቀረም። ይህን ብለው ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ ወደ ጆሮዋ ተጠግተው የልጁን የክርስትና ስም አንሾካሾኩላት። ስሙን ከንስሐ አባታቸው በቀር ለሰው ተናግረውት አያውቁም፤ ክፉ የሚያስብ ሰው እጅ እንዳይገባ ሲጠብቁት ኖረዋል።

ሮሃ ትንፋሻቸው ጆሮዋን ሲያሞቀው ተሰማት እንጂ ስሙን ልብ ብላ አልሰማችውም። በዚያች ቅጽበት «እትዬ፣ ተሳስተዋል፣ እኔ እኮ እየጸለይኩ አይደለም» የሚለውን እንዴት አድርጋ እንደምትለው ነበር የምታስበው። ሴትዮዋ ሲያለቅሱ አየች።

«እሺ» አለች።

እሺ ማለት ከልጅነቷ ጀምሮ ከሁሉ ቃል የሚቀላት ነው። በዚያች ቃል ስንት ነገር ውስጥ ገብታ እንደወጣች እሷ ታውቃለች።

በማግሥቱ ልምምዷን ወደ ሌላ ቦታ ልታዛውረው አስባ ነበር። ግን የእትዬ አሰፋሽ መጋረጃ ገለጥ ብሎ አየችና ሐሳቧን ተወችው። ድሮ የቆመችበት ቆመች፤ «ከማን ጋር ላገናኝዎ» አለች፤ ድምጿን ብቻ ቀነሰች። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ልማድ ሆነ። እትዬ አሰፋሽ ውለታ ነው ብለው ስላሰቡ ዝም አላሉም። ውኃ ሲጠፋ የሷን ጄሪካን ከሩቅ ቧንቧ ሞልተው በሯ ላይ ያስቀምጡላታል። የነቢያት ጾም ሲገባ ምሳዋን በሳህን ይልካሉ። መሸሻ የሚባለው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ጎረቤታቸው በጠዋት ሬዲዮ ሲከፍት በሩን አንኳኩተው፣ ልጅቷ ጸሎት ላይ ናትና ዝጋ ብለው ተቆጡት።

መሸሻ ለወትሮው የሚቀልድበት ነገር ፈልጎ የማያጣ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሮሃን ባያት ቁጥር ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት ጀመረ።

«እማሆይ፣ ለኔም ሚስት ለምኚልኝ» ይላታል። «የዚህ አገር ሙጋንዳም ብትሆን አልጠላም። የሙዝ ማቶኬያቸውን ለምጃለሁ።»

«አንተን እንኳን ወዳ፣ ተለምናም የምታገባህ የለችም» ይሉታል እትዬ አሰፋሽ፣ ከወዲያ ሆነው።

ሮሃ ትስቃለች። ሳቋ ግን ኀፍረት አለበት።

ይበልጥ የሚያሳፍራት ደግሞ ጸሎቱን የማታውቅ ሰው አለመሆኗ ነው። አባቷ ዳዊት ሳይደግሙ ከቤት የማይወጡ ሰው ናቸው። እሷንም ውዳሴ ማርያምን ከሰኞ እስከ እሑድ በቃሏ ያስያዟት ገና ፊደል ሳትጨርስ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለች የመኝታ ክፍል ጓደኞቿ ሲያሾፉባት እንኳ አልተወችውም ነበር። የተወችው እዚህ፣ ካምፓላ ነው። ማንም አልከለከላትም፤ ክፉ ነገርም አልደረሰባት። አንድ ቀን ቸኮለች፤ ሌላ ቀን ደከማት፤ ሌላ ቀን መብራት በፈረቃ ጠፍቶ አረፈደች። ቀኖቹ ከበዙ በኋላ ደግሞ ይህን ያህል ጠፍቼ አሁን ምን ብዬ እመለሳለሁ የሚል ኀፍረት ያዛት። አባቷ ስልክ ሲደውሉ፣ «ጸሎትሽን እንዳትተዪ» ይሏታል። ለሳቸውም እሺ ትላለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እትዬ አሰፋሽ በሯን አንኳኩ። ከመንገዱ ዳር ካለው የስልክ ቤት አዲስ አበባ ደውለው መምጣታቸው ነበር። ከዳግማዊ ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ የሄደ የጎረቤት ልጅ ተፈቷል። ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ከስቶ ተመልሷል። ዳግማዊን ግን መንገድ ላይ ስለለያዩዋቸው ከዚያ ወዲያ አላየውም። መብራት ስላልነበረ ሮሃ ሻማ ለኮሰች። እትዬ አሰፋሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ልንገርሽ?» አሉ። «እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ጸልዬ አላውቅም። ልጸልይ ብዬ እቆማለሁ፤ በስመ አብ እላለሁ፤ ከዚያ አፌ አይከፈትም። ምን ብዬ ልለምነው? ከተወለደ ጀምሮ ጠብቅልኝ ስለው ኖሬ።»

ሮሃ የሚንጠባጠበውን ሻማ አቃናች።

«ታዲያ ጠዋት ጠዋት በመስኮት አይሻለሁ። ቢያንስ አንድ ሰው ስሙን እየጠራለት ነው እላለሁ። በዚያችው ነው ወጥቼ ሥራ የምውለው፤ ማታም በዚያችው ነው የምተኛው። አንቺ ባትኖሪ ፈጣሪንም ክጄው ነበር።»

መንገር የነበረባት ያኔ ነው። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። «አይዞዎት» ብላ ዋጠችው።

በማግሥቱ ረቡዕ ነበር። ሮሃ ከግንቡ ሥር ስትቆም የስልኩን ነገር እርግፍ አድርጋ ተወችው። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች፤ አማተበች፤ አባታችን ሆይ አለች። ከዚያ የረቡዕን ውዳሴ ማርያም ጀመረች። የጠፋባት መስሏት ነበር፤ አልጠፋም። አንዳንድ ቦታ ላይ ቃሉ ቢያመልጣትም ቀጣዩ ራሱ እየመጣ ያነሳታል። አፏ ከልቧ ቀድሞ ሄደ፤ ልቧም ቆይቶ ደረሰበት። ለአባቷ ለመነች። ለመሸሻም ለመነች። ከዚያ «ባሪያህን» አለችና ቆመች።

ስሙ የለም።

ወልደ ብሎ የሚጀምር ይመስላታል። ወልደ ሚካኤል? ወልደ ሰንበት? ገብረ ይሁን ወልደ እንኳ እርግጠኛ አይደለችም። «ባሪያህን ዳግማዊን» ብላ ሞከረችው። ፈጣሪ ዳግማዊ ማን እንደሆነ ለማወቅ የሷን ጥሪ እንደማይጠብቅ ታውቃለች፤ ድሮ ጓደኞቿ ቢጠይቋት ይህንኑ ነበር የምትመልስላቸው። ነገር ግን ሰው ቤት ደጅ ቆሞ፣ ልጁ በቤቱ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሳያውቅ ጥሩልኝ የሚል እንግዳ የሆነች መሰላት። እናቱ ያንን ስም የሚያህል ነገር እጇ ላይ አስቀምጠውላት ነበር፤ እሷ ጣለችው።

ቢሮ ስትደርስ ምላሷ እንደ ወትሮው ተሳሰረ። ደዋዩም እንደ ወትሮው ዘጋባት። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ቀጣዩን ማለዳ ስትጠብቅ ዋለች። ሐሙስም ቆመች፤ ዓርብም ቆመች። በሁለቱም ቀን እዚያችው ቦታ ላይ ስትደርስ ተሰናከለች።

ዓርብ ማታ ብልሃት መጣላት። እትዬ አሰፋሽ ከሥራ ሲገቡ ጠብቃ፣ እንደ ዋዛ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ዳግማዊ ክርስትና የተነሳው የማን ዕለት ነበር?» አለቻቸው። ዕለቱን ካወቀች ስሙን የምትደርስበት መስሏት ነበር።

እትዬ አሰፋሽ ፈገግ አሉ። «ስሙ ይነግርሽ የለ እንዴ?»

«አዎ» አለች ሮሃ። «እንዲያው ለማረጋገጥ ብዬ ነው።»

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። እስካሁን የነበረው ዝምታ ነው ብላ ራሷን ታጽናና ነበር። አሁን ግን በገዛ አፏ ዋሸች። በየማለዳው እየቆመች የምትለምነው አምላክ ደግሞ ይህን ሰምቷል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ አሰፋሽ ልብስ ያሰጣሉ። መሸሻ በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ጥፍሩን ይቆርጣል። እትዬ አሰፋሽ ሮሃን ሲያዩ ከዘንቢላቸው አንድ ትልቅ አቮካዶ አውጥተው ሰጧት። ከአሠሪዎቻቸው ግቢ ዛፍ የወደቀ ነው፤ ለዳግማዊ የምትቆምለት ሰው ጾሙ እንዳይከብዳት ብለው ነው ያመጡት። ሮሃ ተቀበለች። ትንሽ ቆየችና መልሳ ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ አሰፋሽ፣ ስሙን አላውቀውም።»

«የማንን ስም?»

«የዳግማዊን። የክርስትና ስሙን። የነገሩኝ ዕለት በደንብ አልሰማሁትም።»

«ታዲያ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው?»

«አልጠራሁትም። ያን ዕለት እየጸለይኩ አልነበረም። ለሥራዬ እንግሊዝኛ ነበር የምለማመደው። ለስልክ።»

መሸሻ ሳቅ አመለጠው። የእትዬ አሰፋሽን ፊት ሲያይ ግን በርጩማውን አንስቶ ገባ።

«ከዚያስ ወዲያ?» አሉ እትዬ አሰፋሽ። እርጥብ አንሶላ በሁለት እጃቸው እንደያዙ ነው።

«ከዚያም ወዲያ። እስካለፈው ረቡዕ ድረስ።»

«በመስኮት ሳይሽ?»

«እንግሊዝኛ ነበር።»

እትዬ አሰፋሽ አልጮሁም። ሮሃ ጩኸቱን ተዘጋጅታ ስትጠብቅ ነበርና አለመጮሃቸው ባሰባት። አንሶላውን ገመዱ ላይ ጣሉት፤ ጫፎቹን አስተካከሉ፤ ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተዋት እንደቆሙ፣ «በዚያች እኮ ነበር የምተኛው» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን ግን የእውነቴን ነው የምቆመው። ስሙን ይንገሩኝና…»

«አልነግርሽም።» ዞር አሉ። ዓይናቸው ደርቋል። «አንዴ አምኜ ሰጠሁሽ። ከእንግዲህ ስሙን እኔው እጠራዋለሁ።»

ይህን ብለው ክፍላቸው ገቡ። የቀረው ልብስ ሳፋው ውስጥ ነበር። ሮሃ ታስጣው ወይስ ትተወው ብላ ብዙ አሰበች፤ እንደገና ሳይጠየቁ የሰው ነገር መንካት መስሎ ታያት። በኋላ ሰማዩ ሲጠቁርና ዝናብ ሲያስፈራ ግን የተሰጣውንም አውርዳ ሳፋው ውስጥ ጨመረች፤ ሳፋውንም ከጣሪያው ሥር በራቸው ላይ አኑራ ሄደች።

እሑድ ማለዳ ነቅታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ልውጣ ወይስ ልቅር እያለች ሰማዩ ሊነጋጋ ደረሰ። ብትቀር እትዬ አሰፋሽ የሰሞኑም ጸሎት ውሸት ነበር ይላሉ፤ ብትወጣ ደግሞ አሁን ማንን ልታታልል ነው ይላሉ። ሁለቱም ስለ እትዬ አሰፋሽ እንጂ ስለ ጸሎቱ አለመሆኑ ሲገባት ተነሳች።

ከግንቡ ሥር ሰው ቆሟል። እትዬ አሰፋሽ ናቸው። ሮሃ ልትመለስ አሰበች፤ ከዚያ አጠገባቸው ሳይሆን ከኋላቸው ራቅ ብላ ቆመች። እትዬ አሰፋሽ ዘወር ብለው አላዩም። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አሉ። ከዚያ ዝም። ከማዶ መንገድ ባለ ቦዳ ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ ሄደ፤ የመሸሻ ክፍል ውስጥ ሳል ተሰማ፤ ቀጣዩ ቃል ግን አልመጣም።

ሮሃ የእሑዱን ውዳሴ ማርያም በቀስታ ጀመረች። ብቻዋን ትንሽ ሄደች። በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ቃል ላይ ይሁን፣ የእትዬ አሰፋሽ ድምፅ ከፊቷ ተነሳና ከድምጿ ጋር ገጠመ። እስከ መጨረሻው አብረው ዘለቁ። ከዚያ እትዬ አሰፋሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ልጃቸውን በስሙ ጠሩት፤ ሮሃ ስሙን እንዳትሰማ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

ሲጨርሱ እትዬ አሰፋሽ አንድም ቃል ሳይናገሯት አልፈዋት ገቡ። እስከ ገና ድረስ የዳግማዊ ወሬ አልመጣም። እስከ ገና ድረስ እትዬ አሰፋሽም ሮሃን አላናገሯትም፤ በየማለዳው ግን ሁለቱም እየወጡ ይቆሙ ነበር።