ከ«ወ» እስከ «ት»

ስሜን ተናገርኩት! በራሴ አፍ፣ ከ«ወ» እስከ «ት»፣ ማንም ሳይጨርስልኝ! እሺ እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ወንጌላዊት እባላለሁ፣ አሥረኛ ክፍል ነኝ፣ እዚሁ ቦንጋ። እንተባተባለሁ። ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም እኮ! ቃሉማ ምላሴ ላይ ቁጭ ብሏል፣ አልወጣም የሚለው እሱ ነው። በተለይ «ወ» ጠላቴ ናት። ወተት አምሮኝ ስንቴ ሻይ አዝዣለሁ መሰላችሁ! ቸርች ኳየር ላይ ስዘምር ግን አንዴም አይዘኝም። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

መስከረም ላይ ቲቸር ገሠሠ ከጎጃም ተመድበው መጡ፣ የክፍላችን ኃላፊ ሆኑ። በየተራ ስማችንን ስንናገር እሳቸው ይመዘግባሉ። እኔ ጋ ሲደርስ «ወ... ወ... ወ...»

«ወይንሸት?» አሉኝ፣ ሊረዱኝ ብለው።

ክፍሉ በሙሉ ያየኛል፣ ላብ በላብ ሆኛለሁ፤ «አዎ» ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። አለቀ! ወይንሸት ሆንኩ።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ሲመጣ እማዬ ጉድ አለች። «የማንን ልጅ ካርድ ነው ሰርቀሽ ያመጣሽው? ደግሞ ከሰረቅሽ አይቀር፣ ሠላሳ ሁለተኛ የወጣች ልጅ ካርድ ይሰረቃል?»

ከዛ የማትሪክ ፎርም መጣ። እዛ ላይ የገባ ስም ዕድሜ ልክ ነው! የአንድ ለአምስት የጥናት ቡድናችን መሪ አብርሆት «እኔ ለቲቸር ልንገርልሽ፣ ወይ ጽፈሽ ስጪያቸው» አለችኝ። እምቢ! ስሜን ያጣሁት ሰው ጨርሶልኝ አይደል?

መምህራን ስታፍ ክፍል ገባሁ። «ቲቸር፣ ስሜ ተሳስቷል። ስሜ ወ... ወ...»

«ወርቅነሽ?»

በጭንቅላቴ እምቢ አልኩ።

«ወሰኔ? ወለላ?»

የስም ዕጣ እያወጡ ነው እንዴ!

«ቲቸር፣ አይገምቱ በናትዎ። ትንሽ ይጠብቁኝ፣ ይመጣል።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ጠበቁኝ። ውጭ አንድ ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ይጮኻል፣ እኔም እዚህ ተቀርቅሬአለሁ።

«ወ... ወ... ወንጌላዊት!»

«ጎበዝ!» አሉኝና ፎርሙ ላይ ቀስ ብለው፣ ተጠንቅቀው ጻፉ። እየዘለልኩ ወጣሁ፣ ጭቃው ላይ ልወድቅ ነበር!

ዛሬ ጠዋት ከአብርሆት ጋር ልፈርም ስሄድ ፎርሙ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወወወንጌላዊት»!

«ቲቸር! ይሄ ምንድነው?»

«እንደነገርሽኝ ነዋ! የዚህ የከፋ አገር ስም መስሎኝ፣ አንድም ፊደል እንዳላጎድል ስቆጥር ነበር እኮ!»

አብርሆትን ሳቅ ወለሉ ላይ ጣላት። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ! ቲቸር ግን ደነገጡ፣ ደጋግመው ይቅርታ አሉኝ። ችግሩ በእስክሪብቶ የተጻፈ ፎርም ዝም ብሎ አይሰረዝም፤ የስሙ ባለቤት ነገ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ታስረዳ ተባለ። አምስት ሰው! ዳይሬክተሩም አሉበት!

ቲቸር «እኔ ልናገርልሽ» ይላሉ። አብርሆት «በመዝሙር ንገሪያቸው» ትላለች። እኔ ደግሞ አምስቱንም «ይጠብቁኝ» ማለት አምሮኛል፣ መቅረትም አምሮኛል። ከቀረሁ ዕድሜ ልኬን ወወወንጌላዊት ነኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?