«ነድታለች» ያለው ወረቀት

ይህ ታሪክ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። ካላመናችሁ ሳሪስ አቦ ደጃፍ ቆሜ እምላለሁ፤ ከዋሸሁ የቃሊቲ ገልባጭ ይዳጠኝ!

ጀዋሂር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተሳቢ ነድታለች። ከአቃቂ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ አቃቂ። የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ እንደ ጎረቤት በስም ትጠራዋለች። አሠሪዋ መኪናውን ሸጦ ሥራ ስታጣ፣ ገላን አካባቢ ያለ አንድ የጭነት ድርጅት ሾፌር ይፈልጋል ሲባል ሮጣ ተመዘገበች። ውጤቷ ከመቶ ሠላሳ አንድ። ወደቀች።

«ጋሼ፣ ምኔን አይተው ነው የጣሉኝ?» አለቻቸው ሥራ አስኪያጁን አቶ ተክሌን።

«እኔ መች አየሁሽ እህቴ! የሥራ ምስክር ወረቀትሽን አንብቦ ነጥብ የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ነው። ስምሽን እንኳ ሸፍነን ነው ያስነበብነው። እሱ ዘመድ የለው፣ ወገን የለው፣ ሴት ወንድ አያውቅ!»

ጀዋሂር ደሟ ፈላ። እንደተናደደች አቃቂ በሰቃ፣ ማመልከቻ ጸሐፊው ሮሪሳ ዘንድ ሄደች። ሮሪሳ አንዲት ፊደል ብታመልጠው እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው።

«‹ነድታለች፣ ጭነት በሰዓቱ አድርሳለች፣ አንድ ቀን እንኳ አልተጋጨችም›» ብሎ የምስክር ወረቀቷን አነበበና በሳቅ ፈረሰ። «ስሙን ሸፈኑ፣ ግሱን ረሱት! ሴትነትሽን ‹ታለች፣ ታለች› እያለ ይለፈልፋል እኮ!»

ቁጭ ብሎ «ነድቷል፣ አድርሷል፣ አልተጋጨም» እያለ ገለበጠው። ከዚያ ሌላ አንዲት ፊደል አልነካም።

በማግስቱ ጀዋሂር፣ የድርጅቱ ሾፌሮች ግቢው ውስጥ ቆመው እያዩ፣ አዲሱን ወረቀት አስነበበች። ዘጠና አራት!

«ይኼን ልጅ ዛሬውኑ ጥሩልኝ!» አሉ አቶ ተክሌ። «የት ነው ያለው?»

«ፊትዎ ቆሟል» አለች፣ የድሮውን ወረቀት ከአዲሱ ጎን ዘርግታ።

አቶ ተክሌ ሁለቱን አስተያዩ። «መቼም... ማሽን ነው፤ ይሳሳታል።»

«ማን አስተማረው?»

«የሃያ ዓመት የቅጥር ፋይላችንን ነው ያጎረስነው።»

«በሃያ ዓመት ስንት ሴት ሾፌር ቀጠሩ?»

አቶ ተክሌ በጣታቸው ሊቆጥሩ እጃቸውን አነሱና፣ አንድም ጣት ሳያጥፉ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«እንግዲያማ የተማረው የእርስዎን ዐመል ነው! እርስዎ አፍረው የማይናገሩትን እሱ በነጥብ ይናገርልዎታል።»

ይህን ብላ እዚያው የቆመ ተሳቢ ጋቢና ላይ ወጣች። የኋላ ማርሽ አስገብታ፣ በሁለት መኪኖች መሃል እንደ መርፌ ክር አሾልካ፣ ቢሮው በር ላይ ስታቆመው፣ በሩ ላይ የቆሙትን የአቶ ተክሌን የኮት ቁልፍ በስፔኪዮዋ በጥሳ ወሰደችው። ክራባታቸው እንኳ አልተነቃነቀም! ሾፌሮቹ መሬት ላይ እስኪንከባለሉ ሳቁ። አቶ ተክሌም «እህቴ፣ በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» ብለው ቀጠሯት።

ልናዘዝ እንግዲህ፤ አንዲት ነገር ከኪሴ ጨምሬያለሁ። የኮቱን ቁልፍ እንዳይመስላችሁ! እሱማ ዛሬም ጋቢናዋ ውስጥ በክር ተንጠልጥሏል። የፈጠርኩት ይቅርታውን ነው። የቀጠሯት ሾፌሮቹ ስለሳቁባቸው ነው። ማሽኑም ከቦታው አልተነሳም፤ «ነድታለች» የሚል ወረቀት ሲያይ ዛሬም ሠላሳ አንድ ይሰጣል።